ቅጠሉና ቀዳዳው

«ነዳፊው ሊሄድ ነው አሉ።»

የክር መጋዘኗ እትዬ ይህን ወሬ ከያዙት ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ጠዋት ክር ሲያስረክቡ ይሉታል፤ ከሰዓት ባዶውን ማጠንጠኛ ሲረከቡ ይደግሙታል። ወሬው ደግሞ በየቀኑ ልብስ ይቀይራል። ሰኞ ዕለት ነዳፊው የሚሄደው መቶ ማሽን ወዳለው የሩቅ ፋብሪካ ነበር። ረቡዕ ላይ ፋብሪካው ሁለት መቶ ማሽን አበቀለ። አርብ ሲደርስ የፋብሪካው ባለቤት ያላገባች እህት እንዳለችውም ተሰማ።

«ማን አሉ እትዬ?» አለች መርፌ፣ ዐይኗን ከማሽኑ ሳታነሳ።

«አሉ ነዋ! ሰው ነዋ!»

«ይሄን ‹ሰው› የሚባል ሰውዬ አድራሻውን አጥቼው ነው እንጂ፣ አንድ ቀን ሄጄ አፉን እጠልፍለት ነበር።»

ልብስ ቆራጮቹ ሳቁ። መርፌ አልሳቀችም። ስድስቱ የማሽኑ ራሶች በነርስ ጋውን ኪስ ላይ አንድ ዓይነት አርማ እየደጋገሙ ይሰፋሉ፤ እሷም ከማሽኑ እኩል ትደጋግማለች፦ ሊሄድ ነው፣ ሊሄድ ነው፣ ሊሄድ ነው።

ጥልፍ ቤቱ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የነርስ ጋውን፣ የተማሪ ሹራብ፣ የጥበቃ ኮፍያ፣ ምኑም ምኑም አርማው የሚጠለፈው እዚያ ነው። «መርፌ» የሚለውን ስም ያወጡላት በገባች በሦስተኛው ቀን ነው። የቀድሞው የማሽን ኃላፊ «ሴት ልጅ ማሽን አይገባትም» ቢላት፣ «ማሽኑማ ገብቶኛል፣ ያልገባኝ አንተ እዚህ ምን እንደምትሠራ ነው» አለችው። ከወር በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ሆነች። ትክክለኛ ስሟን ከዚያ ወዲህ የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው።

ነዳፊው ደግሞ ንድፉን የሚያወጣው ሰው ነው። ከተማው ዳር በታላቅ እህቱ ቤት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይነድፋል፤ ፋይሉን በኢንተርኔት ይልካል። እትዬ «መርፌና ነዳፊ! ሁለታችሁም ተናዳፊዎች፣ ማን ሊቀርባችሁ ነው?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ግን ነዳፊው ማንንም ነድፎ አያውቅም። ቃል ከአፉ የሚወጣው በደንብ ከተዘጋ ቧንቧ እንደሚወርድ ጠብታ ነው።

የሚነድፍበት ሶፍትዌር ዓመት በዓመት የሚከራዩት ነው። በእሱ የተሠራ ፋይልም በእሱ ብቻ ይከፈታል፤ ሌላ ፕሮግራም ሲቀርበው፣ እንዳኮረፈ ዘመድ ፊቱን ያዞራል። መርፌ ይህን ነገር ከልቧ ትጠላው ነበር። «የገዛ ቤቴን በር ለመክፈት በየዓመቱ ሰው ደጅ ቆሜ ቁልፍ ልለምን?» ትላለች። የምትለው ለመፎከር ብቻ አልነበረም። ጋሼ፣ የጥልፍ ቤቱ ባለቤት፣ ሊጥሉት የነበረውን ላፕቶፕ ጠይቃ ወስዳ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቧ አድርጋ፣ ማንም ሳያስተምራት ተማረች። በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ነፃ ፕሮግራም አገኘች፤ የተቆለፈውን ፋይል ማንኛውም ማሽን ወደሚያነበው ተራ ፋይል ይለውጣል። በተራው ፋይል ውስጥ ያለው ትእዛዝ ብቻ ነው፦ መርፌ እዚህ ይውረድ፣ ወዲያ ይሂድ፣ ክር ይቆረጥ፣ ቀለም ይቀየር። ከዚያም ጥቂት መስመር ትእዛዝ ጻፈችና «ወፍጮዬ» ብላ ስም አወጣችለት። የነዳፊው ፋይሎች ባንድ በኩል ይገባሉ፣ በሌላ በኩል ተፈጭተው ይወጣሉ። አንድ በአንድ መክፈት የለ፣ ማየት የለ።

የወፍጮውን ነገር ለማንም አልተናገረችም። ሰው ሁሉ እያንዳንዱን ፋይል በዐይኗ መርምራ የምታስተካክል ይመስለው ነበር። ይምሰለው ብላ ተወችው።

ከሦስት ዓመት በፊት ነዳፊው ራሱ ሦስቱን ፎቅ ወጥቶ መጣ። ቀጭን ነው፤ እጁ ላይ አንድ የተጠለፈ አርማ ይዟል።

«ይቅርታ፣ ፋይሎቼን የሚነካቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ አለቀሱ?»

ሊስቅ ሲል ራሱን ያዘ። «አላለቀሱም። ክሩ መበጠሱን አቆመ። ጨርቁም አልተሸበሸበም። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

መርፌ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ምስጋና ሲመጣባት የምትይዘው ጠፋት። እንደ ልማዷ ተናገረች፦ ስለ ኪራይ ሶፍትዌር፣ ስለ ተቆለፈ ፋይል፣ ሶፍትዌሩን የሚያከራየው ኩባንያ ነገ ቢከስር የሥራ ዘመኑ ሁሉ አብሮ እንደሚቀበር። እሱ እስክትጨርስ ቆሞ አዳመጣት። ከዚያ አርማውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበና በጣቱ አንዲት ቅጠል ነካ።

«የኔ ፋይል ይቺ ቅጠል መሆኗን ያውቃል» አለ። «ብታሳድጊያት እንደ ቅጠል ታድጋለች። ብታዞሪያት እንደ ቅጠል ትዞራለች። ያንቺ ፋይል ግን መርፌው የት የት እንደሚወርድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሺህ ቀዳዳ። ቅጠል መሆኗን ረስቷል።»

«ማሽን ቅጠል አያውቅም። ለኔም ቀዳዳው ይበቃኛል።»

«ግን…» አለና ቆመ። ዐይኑ ከቅጠሏ ተነስቶ ዐይኗ ላይ አረፈ። «ከመለወጥሽ በፊት ታዪዋለሽ አይደል? የሠራሁትን?»

እዚህ ላይ «አላይም» ማለት ነበረባት። አንድ ቃል ነው። ግን ሰውየው የሚያያት ሦስት ፎቅ ወጥቶ ሊያያት እንደመጣላት ሴት ነበር፤ ያቺ ሴት ደግሞ ፋይል እንደ እህል የምትፈጭ አልነበረችም።

«በፋይልህ ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር የለም» አለችው።

ነዳፊው አንገቱን ሰበር አደረገ። ፊቱ ላይ የታየውን ነገር መርፌ ያን ጊዜ ደስታ አለችው። ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ዘመን ብቻውን ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው እንዳለ ሲነገረው የሚሰማው ዓይነት እፎይታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ናሙና ይዞ መምጣት ጀመረ። በኢንተርኔት የሚላክ ፋይል ናሙና ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እትዬም እንኳን ለአንዴ ዝም አሉ። ሁለቱ ደረጃው ላይ ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ይከራከራሉ።

«ፎቶዎችህን ሁሉ እዚያ ኢንተርኔት ላይ ነው የምታስቀምጠው?»

«አይጠፉማ።»

«ሰው ቤት ነው ያስቀመጥከው! ያ ‹ደመና› የምትሉት እኮ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። ደግሞ ሃምሳ ገጽ ውል ‹ተስማምቻለሁ› ብለህ የፈረምክበት። አንብበኸዋል?»

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«እስከ ዐሥራ አንደኛው ገጽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ግን አልፈረምኩም!»

ይስቃል። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እሷም እንዲስቅላት ስትል ሶፍትዌር ሁሉ ላይ ምላሷን ትስላለች፤ በየወሩ ራሱን እያደሰ የለመዱትን ቁልፍ የሚሸሽግ ፕሮግራም ላይ፣ «የይለፍ ቃልዎ ደካማ ነው» እያለ የሚሳደብ ድረ ገጽ ላይ። አንድ ሐሙስ እጅጌዋ ላይ የተጣበቀች ሰማያዊ ክር አየና በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ አነሳት። ሊጥላት እጁን ዘረጋ፤ አልጣላትም። ጣቱ ላይ ጠመጠማት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«የምነግርሽ ነገር ነበረኝ» አለ በመጨረሻ። «ግን አፌ ላይ አይመጣልኝም። ስጽፍ ነው የሚሻለኝ።»

«ታዲያ ጻፋ» አለች። «ጻፍልኝ፤ አነበዋለሁ።»

ይህ ከሆነ አራት ወር ሆነው። መርፌ ስልኳን ከእጇ አልለየችም። መልእክት የለም። ኢሜይል የለም። ወረቀት የለም። ከእሱ የሚመጣው ፋይል ብቻ ነው፤ አንድ የተማሪ ሹራብ፣ አንድ የሆቴል ፎጣ፣ አንድ የጥበቃ ኮፍያ። ወፍጮው ይፈጨዋል፤ ማሽኑ ይሰፋዋል። በሁለተኛው ወር በሐሙስ መምጣቱን አቆመ። በሦስተኛው ወር እትዬ ወሬያቸውን ጀመሩ።

«ቢሄድ ይሂዳ!» አለች ቤቷ ገብታ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እናቷ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። «ማን?»

«ማንም።»

«ልጄ፣ አፍሽ ስለት ነው። ስለት ደግሞ እጀታ ከሌለው መጀመሪያ የሚቆርጠው የያዘውን ነው። ደውዪለት።»

«እሱ ሳይጠይቀኝ እኔ ልለምነው?»

እናቷ ዐይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ሽንኩርቱ ነው» አሉ።

የሚሄድበት ቀን ታወቀ፤ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በአውቶቡስ። ወሬው ለአንዴ እውነት ሆነ፤ ጋሼ ራሳቸው ነገሯት። ከዚያም ሐሙስ ከሰዓት፣ ጋሼ የሐኪም ቤት ጋውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ገቡ። የኪሱ አርማ ነጩ ክር ታጥቦ ቢጫ ሆኗል።

«ምንድነው ይሄ? ሐኪም ቤቱ መቶ ሃምሳውንም መለሰብን!»

«የተባለው ነጭ ነው፤ ነጭ ነው የሰፋሁት።»

«ነዳፊው ጋ ደወልኩ። ‹የፈላ ውኃ የሚችለው ነጭ ይሁን ብዬ ፋይሉ ማስታወሻ ላይ ጽፌዋለሁ› አለኝ።»

«የምን ማስታወሻ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ‹ፋይሉ ውስጥ የማስታወሻ ቦታ አለ፤ እሷ ሁልጊዜ ታነበዋለች፣ በፋይሌ ውስጥ የማታውቀው ነገር የለም› አለኝ። እንዲያውም ልጁ ሲናገር ድምፁ ልክ አልነበረም።»

መርፌ ማሽኑን አጠፋች። ስድስቱ መርፌዎች አየር ላይ ቀሩ። ጻፍልኝ ብላው ነበር። አነበዋለሁ ብላው ነበር። ጽፎላት ነበር እንዴ? እዚያ ውስጥ?

ወደ ላፕቶፑ ሮጠች። ባለፉት አራት ወራት የመጡትን ፋይሎች ቆጠረች፤ አርባ አንድ። ነፃው ፕሮግራም ማስታወሻ የሚባል ነገር አያሳይም። መመሪያው ላይ አንድ መስመር አገኘች፦ «ሲለወጥ ተጨማሪ መረጃ ሁሉ ይጣላል።» ይህን መስመር ከሦስት ዓመት በፊት አንብባው ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሏት «ይጣላ! ሸክም ይቀንሳል» ብላ ነበር።

የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ገባች። ፋይል በነፃ የሚያሳየው ፕሮግራም ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተነስቷል። የሙከራ ጊዜ ልትጠይቅ የስልክ ቁጥሯን አስገባች፤ «ኮድ ልከናል» አላት። ኮዱ አልመጣም። እንደገና። አልመጣም። ጥግ ላይ «እንዴት ልርዳዎ?» የሚል ሳጥን ብቅ አለ።

«የአንድ ፋይል ማስታወሻ ብቻ ማንበብ ፈልጌ ነው» ብላ ጻፈች።

ሳጥኑ ሦስት ዓይነት የኪራይ ውል አቀረበላት።

«መከራየት አልፈልግም። ማስታወሻውን ብቻ።»

ሳጥኑ ያንኑ ሦስቱን ውል አቀረበላት።

«እባክህ» ብላ ጻፈች። ከመርፌ አፍ «እባክህ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የለመነችው ማሽን ሆነ።

እትዬ ከኋላዋ ቆመው ሲያዩ ቆይተው «አንቺ ልጅ፣ ስልክ አለሽ፣ አፍ አለሽ። ደውለሽ ‹ምን ጻፍክልኝ?› በይዋ!» አሉ።

«ምን ብዬ እትዬ? ‹ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽቼሃለሁ› ብዬ? መጀመሪያ ላንብበው። አንብቤው እንዳወቅሁ ሆኜ እደውላለሁ።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኩራት እራት አይሆንም፣ የኔ ልጅ።»

በሰፈሩ ያን ሶፍትዌር ተከራይቶ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ መነጽር፣ ተፎካካሪያቸው። መርፌ ባለፈው ዓመት በሰው ፊት «ሶፍትዌሩ ኪራይ፣ ፎቶው ኪራይ፣ ቆይ አእምሮህስ የስንት ወር ኪራይ ነው?» ብላዋለች። አርብ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በሩ ላይ አገኛት።

«ወንድሜ» አለችው።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው፤ አያት። «ማንን ነው?»

«አንተን። አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። ፋይል ልትከፍትልኝ።»

«የተቆለፈ ነው?»

«አዎ።»

ባለ መነጽሩ ሊናገር አፉን ከፈተ። ዓመት ሙሉ ያዘጋጀው መልስ እንደነበረው ያስታውቃል። ግን ፊቷን አየና አፉን ዘጋ። «ግቢ» አላት።

ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ሶፍትዌሩ ተነሳ። መሐል ላይ አንዲት ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። «ፈቃድዎን ማረጋገጥ አልተቻለም» አለ።

«ኢንተርኔቱ ነው» አለ ባለ መነጽሩ። «መንገዱን ሲቆፍሩ መስመሩን ቆርጠውታል። ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም።»

«በስልኬ ሞክረዋ!»

«ፈቃዱ የተመዘገበው በዚህ ቤት መስመር ነው። በሌላ ከገባሁ ይዘጋብኛል።»

«አየህ!» ብላ ጮኸች፤ «የገዛ ሥራህን ለማየት ከማታውቀው ሰው ፈቃድ! አላልኩም? እኔ…» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ትክክል ነበረች። ቃል በቃል ትክክል ነበረች፤ እንደዚያ ቀን ትክክል መሆኗ ዋጋ አጥቶ አያውቅም።

ቀኑን ሙሉ ከሱቁ ደጃፍ አልተነሳችም። ቆፋሪዎቹን ሄዳ ለመነች፤ «የኛ ሥራ መቆፈር ነው እህቴ፣ መቀጠሉ የሌላ ነው» አሏት። ፀሐይ ገባች። ባለ መነጽሩ በሩን ሲዘጋ «ነገ በሁለት ሰዓት እከፍትልሻለሁ» አላት፤ ቅዳሜ የማይሠራ ሰው።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት። ክቧ ትዞራለች። ሁለት ተኩል። ትዞራለች። ሦስት ሰዓት። መርፌ ስልኳን አወጣች፤ የነዳፊውን ስም አየች፤ መልሳ ከተተችው። ትንሽ ልጠብቅ። ሦስት ከሃያ ሲሆን ክቧ ቆመችና ሶፍትዌሩ ተከፈተ።

ባለ መነጽሩ በፍላሽ ካመጣችለት ፋይሎች የመጀመሪያውን ከፈተ፤ ማስታወሻውን አወጣላት፤ ማንበብ ሲጀምር ቃሉን አይቶ ተነሳና «እኔ ውጭ ነኝ» ብሎ ወጣ።

«ቀለም አንድ፦ ጥቁር ሰማያዊ። ቀለም ሁለት፦ ነጭ። ጻፍልኝ አልሽኝ። እዚህ እጽፋለሁ፤ ካንቺ ሌላ የሚያየው የለምና። እወድሻለሁ። ከየት ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ‹ምነው አለቀሱ› ካልሽኝ ጀምሮ።»

«ቀለም አንድ፦ ቀይ። ሐሙስ ምንም አላልሽኝም። ምናልባት ለማሰብ ጊዜ ያስፈልግሻል። ሻዩን ግን ሁለት ጊዜ ቀድተሽልኛል፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«ይቺ አበባ መሐሏ ላይ ዐሥራ ሦስት ነጥብ አላት። ማንም አይቆጥራቸውም፤ አንቺ እንደምታዪያቸው አውቃለሁ።»

«ሐሙስ መምጣት አልቻልኩም። ዝም ስትዪኝ ፊትሽን ማየት ከበደኝ።»

«ፋብሪካው መልስ ይፈልጋል። ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ። አንድ ቃል ነው።»

የመጨረሻው የነርሶቹ አርማ ነበር። «ነጩ የፈላ ውኃ የሚችል ይሁን። ፈርሜያለሁ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ነው። አልተቀየምኩሽም።»

መናኸሪያው ሩቅ ነው። መርፌ እየሮጠች ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ታክሲ ያዘች፤ በመንገድ መጨናነቅ ሲቆምባት ወረደች፤ እንደገና ሮጠች። አራት ከሩብ ላይ ደረሰች። አውቶቡሱ አልሄደም፤ ሾፌሩ ጣሪያው ላይ ሻንጣ ያስራል። ነዳፊው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቦርሳ በትከሻው።

አያት። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ።

«መጣሽ» አለ።

«ቅር» አለችው። ትንፋሽዋ አልተመለሰም። «ቅር፣ እባክህ። አንድ ቃል ነው ብለሃል፤ ይኸው። ቅር።»

ፊቱ ላይ የሆነው ነገር አርባ አንድ ጊዜ የተጠበቀ ነበር። እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቿን ያዘ። አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ በመሐላቸው ልታልፍ ፈልጋ፣ አይታቸው ዞራ ሄደች።

«ለምን እስከ ዛሬ?» አላት በመጨረሻ፣ በቀስታ። «አራት ወር ሙሉ እያነበብሽ…»

እዚያ ላይ ልትዋሽ ትችል ነበር። «ፈርቼ ነው» ብትል ያምናት ነበር። መርፌ ግን እጁ እጇ ውስጥ እያለ ውሸት አልሆንላት አለ።

«አላነበብኳቸውም» አለች። «ዛሬ ነው ያየኋቸው። ከአንድ ሰዓት በፊት።»

«እንዴት? ስትከፍቺው እኮ ማስታወሻው ፊት ለፊት ነው የሚመጣው።»

«አልከፍተውም። የሚለውጥ ነገር ሠርቻለሁ፤ በጅምላ ይለውጠዋል። ሳልከፍተው።»

«እነዚህን አርባ አንዱን?»

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት የነበሩትንስ?» እጁ አልተነቃነቀም፤ ግን ሙቀቱ ሲሄድ ተሰማት። «ሦስቱን ዓመት? አንዷን ቅጠል?»

«ማሽኑ የሰፋውን አያለሁ፤ ጨርቁ ላይ…»

«ጨርቁ ላይ ያለው ቀዳዳው ነው» አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። «እኔ አንድ የሚያየኝ ሰው አለ ብዬ ነበር እኮ የምሠራው። አርማ ማን ያያል? የሚለብሰው እንኳን አያየውም። ‹እሷ ግን ታየዋለች› እያልኩ ነው ሌሊት ዐይኔን ያጠፋሁት።»

«አሁን አያለሁ። ሁሉንም አያለሁ። ቅርልኝ።»

ነዳፊው ረጅም ጊዜ አያት። ጥላቻ አልነበረበትም፤ ጥላቻ ቢሆን ትከራከረው ነበር።

«ማንን ነው ቅር የምትዪው?» አላት። «አታውቂኝም እኮ።»

ሾፌሩ «ተሳፈሩ!» አለ። ነዳፊው ጣቶቿን አንድ ጊዜ ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ ቦርሳውን አነሳ። በመስኮት በኩል ፊቱን አላዞረም፤ አላያትምም። አውቶቡሱ ሲወጣ ነጂው ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ፤ መርፌ የቆመችው መንገዱ መሐል ነበር።

ከዚያ በኋላ መርፌ ያደረገችውን ጥልፍ ቤቱ እስከ ዛሬ ያወራል፤ ያን ሶፍትዌር ተከራየችው። በራሷ። እትዬ «ዓለም ተገለበጠች» አሉ። ባለ መነጽሩ ደግሞ አጠቃቀሙን አሳያት፤ አንዲት የበቀል ቃል አላወጣም። እያንዳንዱን ፋይል ከፈተች። ቅጠሎቹን አየች። ጨርቅ ላይ የማይታዩ፣ ከላይኛው ስፌት ሥር የተደበቁ የቅጠል ደም ሥሮች ነበሩ፤ ቅጠሏ ሕይወት ያላት እንድትመስል ብሎ ማንም በማያየው ቦታ የሠራቸው። የአበባዋን መሐል ቆጠረች፤ ዐሥራ ሦስት።

ሦስት ደብዳቤ ጻፈችለት። ለአንዱ መለሰ፤ ደህና ነኝ፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። በሁለተኛው ዓመት ከፋብሪካው ቀለም ነካሪዎች አንዷን አገባ። እትዬ ይህን ወሬ አንድ ጊዜ ብቻ ነገሯት፤ አልደገሙትም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ጋሼ አዲስ ኮምፒውተር አስገቡ። አንድ ማለዳ መርፌ የድሮ ሥራዎችን ልታሸጋግርበት ተቀመጠች። ያ ሶፍትዌር ገና አልተጫነበትም፤ ዘንግታው ከነዳፊው ፋይሎች አንዱን ሁለት ጊዜ ተጫነችው። ኮምፒውተሩ ምን እንደሆነ ስላላወቀው ከራሱ ጋር በመጣው ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ከፈተው፤ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ባለው፣ ኪራይ በሌለው፣ ፈቃድ በማይጠይቀው። ስክሪኑ በካሬና በጥያቄ ምልክት፣ በተሰባበረ ፊደል ተሞላ። ልትዘጋው እጇን ዘረጋች። ጣቷ ገጹን ወደ ታች ገፋው።

ከግርግሩ በታች፣ መጨረሻው ላይ፣ አንድም ፊደል ሳይሰበር፣ እንዲህ ይል ነበር፦ «ቀለም አንድ፦ አረንጓዴ። ዛሬ ዘነበ። ደረጃው ላይ የምትቀመጪበትን ቦታ እያሰብኩ ነው የሠራሁት።»

ሌላውን ከፈተች። ከዚያ ሌላውን። አርባ አንዱም እንዲሁ ነበሩ፤ ኩባንያው የቆለፈው ንድፉን ብቻ ነው፤ ማስታወሻው ተቆልፎ አያውቅም።